ተለዋዋጭ የግሪድ ግንኙነት የጋራ ሶላር ፕሮጀክትን ገቢ ምን ያህል ይነካል? ከመፈረም በፊት የሚሠራ ስሌት

የጋራ ሶላር ማለት ብዙ ቤተሰቦች ተመዝግበው ከምርቱ ድርሻቸው በኤሌክትሪክ ሂሳባቸው ላይ ክሬዲት (ተቀናሽ) የሚያገኙበት ጣቢያ ነው። የ5 ሜጋዋት የጋራ ሶላር ፕሮጀክት የግንኙነት ማመልከቻ ሲያስገባ ከኤሌክትሪክ ኩባንያው የሚመጣለት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። «መስመሩ የሚችለው 3 ሜጋዋት ነው፤ ወደዚያ አውርዱት።» ወይም፦ «ትራንስፎርመሩ መቀየር አለበት፤ ወጪው በእናንተ ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል።» ወይም ደግሞ፦ «5ቱንም ሜጋዋት አገናኙ፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ግን ምርታችሁን እንቀንሳለን።» ተለዋዋጭ ግንኙነት የሚባለው ይህ ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው መልስ ሲመጣ ሁሉም የሚጠይቀው «በዓመት ስንት ከመቶ ይቀነሳል?» ብሎ ነው። ለፋይናንስ ሥራ ይህ ጥያቄ ግማሽ ነው። ከምርቱ 4 ከመቶ ቢቀነስ ከገቢው 4 ከመቶ ይቀነሳል ማለት አይደለም፤ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ ወሳኙ የተቀነሰበት ሰዓት ዋጋ ነው። ከታች በምንከተለው ምሳሌ 351 ሜጋዋት-ሰዓት መጥፋቱ 75 ሜጋዋት-ሰዓት ከመጥፋቱ ያነሰ ገንዘብ ያሳጣል።

ምሳሌው ይህ ነው፦ በኤሲ በኩል (የፓነሉን ዲሲ ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኤሲ ከሚቀይረው ኢንቨርተር በኋላ) 5 ሜጋዋት፣ በዲሲ በኩል (ከኢንቨርተሩ በፊት) 6.5 ሜጋዋት ፓነል ያለው ፕሮጀክት። አንድ ኪሎዋት ፓነል በዓመት 1,350 ኪሎዋት-ሰዓት ያመርታል ብለን ስንይዝ ጠቅላላው 8,775 ሜጋዋት-ሰዓት ይሆናል። አማካይ ገቢ በሜጋዋት-ሰዓት 95 ዶላር፣ ዓመታዊ ገቢ 833,625 ዶላር። የዋጋና የወጪ ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው። አሠራሩ የጋራ ሶላር ከተስፋፋበት ከአሜሪካ የተወሰደ ነው።

1. ችግሩ ቅነሳ የሚፈታው ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ

የኩባንያውን የጥናት ሪፖርት አውጥተው የመስመሩ ገደብ ምን እንደሆነ ይፈልጉ። የትራንስፎርመር ወይም የሽቦ ሙቀት ገደብ ከሆነ ቅነሳ ይፈታዋል፤ የሚጣሰው በዓመት ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ብቻ ነውና። የቮልቴጅ ከፍታም እንዲሁ። የአጭር ዙር ከረንት (ሽቦ ሲነካካ የሚፈጠረው) ከብሬከሩ፣ ማለትም ከመስመር ማቋረጫው፣ አቅም በላይ ከሆነ ግን ኢንቨርተሩን ዝቅ ማድረግ የሚያመጣው ለውጥ የለም። በሰብስቴሽን (ማከፋፈያ ጣቢያ) ትራንስፎርመሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ በኩል መሬት የነካ ሽቦን የሚለይ መከላከያ ይገጠም ከተባለም፣ ኃይል ወደ ላይኛው መስመር እስከተመለሰ ድረስ ያ ወጪ ብዙውን ጊዜ አይቀርም ብሎ መያዝ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች «ተለዋዋጭ ሆነናል፣ የማሻሻያ ወጪ የለብንም» ብለው በጀት ከሠሩ በኋላ የሚደነግጡት በዚህኛው ወጪ ላይ ነው።

2. የትኛው ዓይነት ጣሪያ እንደተሰጠ መለየት

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ጣሪያ (ወደ መስመሩ መላክ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን) ነው። ሁለተኛው በጊዜ ሰሌዳ የሚለዋወጥ ነው፦ ለእያንዳንዱ ወር 24 የሰዓት ቁጥር ቢሰጥ 12 × 24 = 288 ጣሪያዎች ይሆናሉ፤ የካሊፎርኒያ የተወሰነ የምርት መርሐ ግብር የሚመሠረተው እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ ነው። ሦስተኛው በቅጽበት የሚታዘዝ ነው፦ የኩባንያው መቆጣጠሪያ ፊደሩን (ከሰብስቴሽኑ ወደ ደንበኞች የሚወጣውን መስመር) እየለካ በየጥቂት ሰከንዱ ወይም ደቂቃው አዲስ ጣሪያ ይልካል። ለአበዳሪ የሚመቹት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ኪሳራቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ሦስተኛው በአማካይ ትንሹን ምርት ያሳጣል፤ ግን በኮምፒውተር፣ በሞደምና በሰው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የማይለወጠውን ጣሪያ በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ጀርመን ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት ትንንሽ ሶላሮች ከፓነላቸው አቅም 70 ከመቶ በላይ እንዳይልኩ ይደረግ ነበር፤ የሚጠፋው ምርትም ጥቂት ከመቶ ብቻ ነበር። ይህን ሰምቶ «የ70 ከመቶ ጣሪያ አይጎዳም» የሚል ሰው አይጠፋም። የጀርመኑ 70 ከመቶ የተለካው ከፓነሉ ማለትም ከዲሲው ነው። በእኛ ምሳሌ ያ 4.55 ሜጋዋት ነው። ከኤሲው 70 ከመቶ ከተባለ ግን 3.5 ሜጋዋት፣ ማለትም ከፓነሉ 54 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ፓነሉ ከኢንቨርተሩ ስለሚበልጥ የጠራ ቀን የምርት ግራፍ ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፤ ጣሪያው ያንን ጠፍጣፋ ሲቆርጥ ለብዙ ሰዓት ይቆርጣል።

3. መረጃውን መሰብሰብ

ከኩባንያው የሚጠየቀው፦ የፊደሩና የሰብስቴሽን ትራንስፎርመሩ ጭነት በየሰዓቱ (ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው)፣ ቢቻል በየ15 ደቂቃው፣ የሦስት ዓመት ቢሆን ይመረጣል፤ በመስመሩ ላይ ያሉና ለመገናኘት ተራ የያዙ ጄኔሬተሮች ዝርዝር ከነአቅማቸው፤ የኃይል መመለሻ ገደቡ (ከፊደሩ ወደ ሰብስቴሽኑ ተመልሶ እንዲሄድ የሚፈቀደው ከፍተኛ ኃይል) ቁጥርና ኩባንያው ከገደቡ በታች የሚይዘው የጥንቃቄ ኅዳግ፤ ፊደሩ ለጥገና ወደ ሌላ ሰብስቴሽን የዞረባቸው ቀናት። የመጨረሻውን ኩባንያዎች በገዛ ፈቃዳቸው አይሰጡም፤ በጽሑፍ ይጠይቁ።

መረጃው ሲመጣ አራት ነገሮች ስሌቱን ያበላሹታል።

በሰብስቴሽን የተለካ ጭነት የቤት ጣሪያ ሶላር ከተቀነሰ በኋላ የቀረው የተጣራ ጭነት ነው። ከእሱ ላይ የጣሪያ ሶላሩን እንደገና መቀነስ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ ቅነሳውን ያለ አግባብ ያበዛዋል።

የኩባንያው ሰዓት በአሜሪካ በጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወራት፣ በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚዘዋወር ሊሆን ይችላል፤ የሶላር ሶፍትዌሩ ግን ዓመቱን ሙሉ በመደበኛው ሰዓት ይሠራል። አንድ ሰዓት መዛነፉ የቀትርን ምርት ከሌላ ሰዓት ጭነት ጋር ያጋጥመዋል።

የአማካይ ዓመት የፀሐይ መረጃን ከአንድ የተወሰነ ዓመት ጭነት ጋር ማጣመር ደመናማ ቀንን ከጠራ ቀን ጋር ማጋባት ነው። ጭነቱ የየትኛው ዓመት ከሆነ ፀሐዩም የዚያው ዓመት ይሁን።

ኢንቨርተሩ ራሱ የሚቆርጠው ምርት በቅነሳ መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም። መጀመሪያ በ5 ሜጋዋት ይቆረጥ፣ ከዚያ የግሪዱ ጣሪያ ይሠራበት።

4. ሰዓት በሰዓት ማስላት

ቀመሩ ቀላል ነው፦

የተፈቀደ መላኪያ = የኃይል መመለሻ ገደብ + የፊደሩ ጭነት − ቅድሚያ ያላቸው ሌሎች ጄኔሬተሮች ምርት

አንድ የጸደይ እሑድ ቀትር እንውሰድ። ገደቡ 7 ሜጋዋት፣ ጭነቱ 4፣ ሌሎቹ የሚያመርቱት 6.8 ቢሆን፣ የተፈቀደው 7 + 4 − 6.8 = 4.2 ሜጋዋት ነው። ማምረት የሚቻለው 5 ስለሆነ 0.8 ሜጋዋት ይቀነሳል።

አሁን ኩባንያው ከገደቡ 5 ከመቶ ኅዳግ ይያዝ እንበል። ገደቡ 6.65 ይሆናል፤ የተፈቀደው 3.85፣ የሚቀነሰው 1.15። የ5 ከመቶ ጥንቃቄ የዚያን ሰዓት ቅነሳ በ44 ከመቶ ገደማ አሳደገው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በድርድር ይለወጣል፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያዋጣል።

በሌላ በኩል 1 ሜጋዋት የሚወስድ ፋብሪካ ከፊደሩ ላይ ቢዘጋ፣ ያለ ኅዳግም የተፈቀደው 3.2፣ የሚቀነሰው 1.8 ይሆናል። የቅነሳ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ፀሐይ ከዓመት ዓመት የምትለዋወጠው በጥቂት ከመቶ ነው፤ የአንድ ትልቅ ደንበኛ መሄድ ግን ቅነሳውን ከእጥፍ በላይ ሊያደርገው ይችላል። በፊደሩ ላይ ትልቁ ደንበኛ ምን ያህል እንደሚወስድ ማወቅና እሱ የሌለበትን ስሌት ለብቻ መሥራት ግዴታ ነው።

ይህን ለ8,760ዎቹም ሰዓታት ይድገሙት፤ አንድ የስፕሬድሺት ገጽ ይበቃል። ውጤቱን በአንድ ድምር ብቻ አያስቀምጡ፤ በወርና በሰዓት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ያውጡ። በምሳሌያችን ድምሩ 4 ከመቶ፣ ማለትም 351 ሜጋዋት-ሰዓት ወጣ እንበል፤ አብዛኛውም በጸደይ ቀትር ላይ።

5. ማን አስቀድሞ ይቀነሳል?

በመስመሩ ላይ ሌሎች ተለዋዋጭ ፕሮጀክቶች ካሉ ደንቡን ሳያውቁ ስሌቱን መጨረስ አይቻልም። 5፣ 3 እና 2 ሜጋዋት የሆኑ ሦስት ፕሮጀክቶች በዚህ ቅደም ተከተል ገቡ፤ 2 ሜጋዋት መቀነስ አለበት እንበል። «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይቀነስ» በሚለው ደንብ የመጨረሻው ባለ 2 ሜጋዋት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ሌሎቹ አይነኩም። በድርሻ ከሆነ ሁሉም 20 ከመቶ ይቀነሳሉ፦ 1፣ 0.6 እና 0.4።

ስኮትላንድ ውስጥ በኦርክኒ ደሴቶች በ2009 ሥራ የጀመረው ሥርዓት የመጀመሪያውን ደንብ የያዘ ነው። ከ2012 እስከ 2014 በምሥራቅ እንግሊዝ የተካሄደው «ፍሌክሲብል ፕላግ ኤንድ ፕሌይ» ሙከራ ደግሞ በድርሻ መቀነስን ሞክሯል፤ ከቦታ ኮታ ጋር። ኮታው ለጌጥ አልገባም። በድርሻ ደንብ ውስጥ ኮታ ከሌለ ነገ የሚመጣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የእርስዎን ገቢ ይሸረሽራል፤ መጨረሻውም አይታወቅም። ቀድመው የገቡ ከሆኑ የመጀመሪያው ደንብ ለብድር ይመቻል። ዘግይተው ከገቡ ደግሞ በድርሻውና በኮታው ይደራደሩ።

6. የጠፋውን ሰዓት በዋጋው ማባዛት

የክሬዲት ዋጋው ቀኑን ሙሉ አንድ ከሆነ ነገሩ ያልቃል፦ 351 × 95 = 33,345 ዶላር፣ 4 ከመቶ። ዋጋው ከክፍሎች የተሠራ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ የዋጋ ቁልል ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ የኃይል ዋጋ፣ ኃይሉ ንጹሕ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት የሚከፈል የአካባቢ ጥበቃ ዋጋ፣ ለጋራ ፕሮጀክት የሚጨመር ክሬዲት፣ የአቅም ዋጋ እና የጭነት ቅነሳ ዋጋ (የመስመሩን የፍላጎት ጫና ስላቃለለ የሚከፈል) አለው። የመጨረሻው የሚከፈለው በበጋ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ ኩባንያዎች ከጁን 24 እስከ ሴፕቴምበር 15 በሥራ ቀናት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት።

በጸደይ ቀትር የኃይል ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ 15 ዶላር እንበል። የአካባቢ ጥበቃው 30፣ የጋራ ክሬዲቱ 20 ቢሆኑ፣ የጠፋው ሜጋዋት-ሰዓት ዋጋ 65 ዶላር ነው። 351 × 65 = 22,815 ዶላር። ይህ ከዓመታዊው ገቢ 2.7 ከመቶ ገደማ ነው። 4 ከመቶ ምርት፣ 2.7 ከመቶ ገቢ። ኃይሉ በጅምላ ገበያ የሚሸጥ ቢሆን ደግሞ ዋጋው ከዜሮ በታች በሚወርድባቸው ሰዓታት መቀነስ ራሱ ትርፍ ነው።

አሁን ተቃራኒውን። በጁላይ ፊደሩ ለጥገና ወደ ሌላ ሰብስቴሽን ዞረ፤ ኩባንያው ተለዋዋጮችን ለአምስት የሥራ ቀናት፣ በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ዘጋቸው፤ በአማካይ 3 ሜጋዋት ጠፋ። 5 × 5 × 3 = 75 ሜጋዋት-ሰዓት። በዚያ መስኮት የጭነት ቅነሳ ዋጋው 250 ዶላር ተጨምሮ 315 ቢሆን፣ ኪሳራው 23,625 ዶላር ነው። አንድ ሳምንት ጥገና ከዓመቱ የጸደይ ቅነሳ ሁሉ በለጠ። በጥናት ሪፖርቶች ውስጥ ያለው የቅነሳ ግምት ብዙ ጊዜ የሚሠራው መስመሩ በመደበኛ ሁኔታ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ስለሆነ ይህ ሳምንት በግምቱ ውስጥ የለም።

7. ተመዝጋቢዎቹ ጋ ሲደርስ

የጋራ ሶላር ከተራ የኃይል ማመንጫ የሚለየው ኪሳራው በብዙ መቶ ቤተሰብ ሂሳብ ላይ ስለሚታይ ነው። ተመዝጋቢው የሚያገኘው ከወሩ ምርት የድርሻውን ከመቶ ነው፤ ምርቱ ሲቀነስ የሁሉም ክሬዲት እኩል ይቀንሳል።

የውሉ ዓይነት ኪሳራው ማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል። ተመዝጋቢው ካገኘው ክሬዲት 90 ከመቶውን የሚከፍል ከሆነ ክሬዲት ሲያንስ ክፍያውም ያንሳል፤ የቅናሹ መጠን አይናጋም፤ ፕሮጀክቱ ገቢ ያጣል እንጂ ተመዝጋቢው አይከስርም። በየወሩ ቋሚ ክፍያ ከሆነ ግን በሚያዝያ ቅነሳ ተመዝጋቢው ከቆጠበው በላይ ሊከፍል ይችላል፤ ያኔ ስንብቱ ይጀምራል። የተወሰነ ኪሎዋት-ሰዓት ዋስትና የተሰጠበት ውል ደግሞ ጉድለቱን በፕሮጀክቱ ላይ ዕዳ ያደርገዋል። ለተለዋዋጭ ግንኙነት የሚስማማው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሁለቱ መፈረም ምንም ምክንያት የለውም።

የተመዝጋቢውን ድርሻ ሲመድቡ ከቅነሳ በኋላ ያለውን ምርት ይያዙ፦ 8,775 − 351 = 8,424 ሜጋዋት-ሰዓት። በቋሚ መጠን አስቀድሞ የተሸጠ የታዳሽ ኃይል ሰርተፊኬት ካለም እንዲሁ፤ ያልተመረተ ኪሎዋት-ሰዓት ሰርተፊኬት የለውም፤ ጉድለቱ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

8. ሦስቱን መልሶች በገንዘብ ማወዳደር

በ3 ሜጋዋት ቋሚ ግንኙነት (ፓነሉ 3.9 ሜጋዋት) ምርቱ 5,265 ሜጋዋት-ሰዓት፣ ገቢው 500,175 ዶላር ነው።

በ5 ሜጋዋት ቋሚ ግንኙነት ገቢው 833,625 ዶላር። ማሻሻያው 1.8 ሚሊዮን ዶላር፣ መጠበቂያው 30 ወር ይሁን።

በ5 ሜጋዋት ተለዋዋጭ፦ 833,625 − 22,815 = 810,810፤ ለመቆጣጠሪያ አገልግሎትና ለመገናኛ በዓመት 12,000 ሲቀነስ 798,810 ዶላር። የመሣሪያ ወጪው 150,000፣ መጠበቂያው 12 ወር ይሁን።

ተለዋዋጩ ከቋሚው በዓመት በ34,815 ዶላር ያንሳል፤ በካፒታል ግን 1.65 ሚሊዮን ይቆጥባል፤ 18 ወር ቀድሞ በመጀመሩም 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ያገኛል። እኩል የሚሆኑት የት ላይ ነው? 1.65 ሚሊዮን ዶላር በ8 ከመቶ ወለድ በ25 ዓመት ሲከፈል በዓመት 154,600 ገደማ ነው። ከዚህ 12,000ው ሲቀነስ ቅነሳው በዓመት እስከ 142,600 ዶላር ድረስ ቢወስድ እንኳ ተለዋዋጩ አይከስርም። ይህ በ65 ዶላር ሲሰላ ከምርቱ 25 ከመቶ፣ በ95 ሲሰላ 17 ከመቶ ነው። ቅነሳው እየጨመረ ሲሄድ ወደ ውድ ሰዓታት ስለሚገባ እውነተኛው ነጥብ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ከ17 በታች ያለውን አስተማማኝ ብሎ መያዝ ይሻላል። ቀድሞ መጀመሩ በዚህ ስሌት አልተቆጠረም።

ባትሪ ይጨመርበት የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሣል። 351 ሜጋዋት-ሰዓቱ ሁሉ በባትሪ ቢያዝና 85 ከመቶው ቢመለስ 298 ገደማ ነው፤ በ110 ዶላር ቢሸጥ በዓመት 33,000 አይሞላም። ቅነሳን ለማዳን ብቻ የሚገዛ ባትሪ በዚህ ገቢ አይከፈልም። በበጋው ውድ መስኮት የሚያገኘው ገንዘብ ራሱን ከቻለ፣ የተቀነሰው ምርት ምርቃት ይሆናል።

9. አበዳሪው የሚያየው

አበዳሪ አማካዩን አይወድም፤ ክፉውን ዓመት ያያል። ከ798,810 ላይ 190,000 የሥራ ማስኬጃ ሲቀነስ 608,810 ዶላር ይቀራል። የዕዳ ሽፋኑ (የቀረው ገንዘብ ለዓመታዊው የብድር ክፍያ ሲካፈል) 1.30 እንዲሆን ከተፈለገ ዓመታዊ ክፍያው 468,315 ይሆናል። አሁን ቅነሳው 10 ከመቶ የደረሰበትን ዓመት ያስቡ፦ 877.5 ሜጋዋት-ሰዓት፣ በ75 ዶላር፣ 65,813 ዶላር። ሽፋኑ ወደ 1.21 ይወርዳል። በዚያው ዓመት ፀሐይ በ7 ከመቶ ካነሰች 1.08 ይሆናል። በውሉ ላይ ትርፍ ማከፋፈል የሚቆምበት ወለል 1.20 ቢሆን፣ ፕሮጀክቱ ዕዳውን ይከፍላል፤ ባለድርሻዎቹ ግን ሳንቲም አያዩም። ስለዚህ ለአበዳሪው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ይዘው ይቅረቡ፦ መደበኛው፣ ትልቁ ደንበኛ የሄደበት፣ እና ተራ የያዙት ሁሉ የገቡበት።

10. በውሉ ላይ ሳይጻፍ የማይፈረም

የዓመት ቅነሳ ጣሪያ፣ በሜጋዋት-ሰዓት። «በሰዓት ብዛት» የሚለውን አይቀበሉ፤ ከ5 ወደ 4.9 የተቀነሰበት ሰዓትና ወደ ዜሮ የተቀነሰበት ሰዓት እኩል ይቆጠራሉ። ጣሪያው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ይጻፍ፦ ካሣ፣ ወይም ኩባንያው በራሱ ወጪ የሚያሻሽልበት ቀን። ካሣ ፈጽሞ የማይሰጥ ኩባንያ ቢያንስ የቅነሳውን ምክንያቶች በዝርዝር ይገድብ፤ «ለኔትወርኩ ደኅንነት ሲባል» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሁሉንም ይፈቅዳል።

የታቀደ ጥገና ከበጋው ውድ መስኮት ውጪ እንዲሆን፣ ካልሆነም አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጥ። የቅነሳ ተራው ደንብና ኮታው። መረጃ የማግኘት መብት፦ የተላከው ጣሪያ፣ የተላከበት ሰዓትና ምክንያቱ፣ ሁሉም በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ።

ከሁሉ በላይ ግን መገናኛው ሲቋረጥ የሚሠራው የመጠባበቂያ ጣሪያ። ብዙ ረቂቅ ውሎች ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሞደሙ ከዓመቱ 97 ከመቶ ብቻ ቢሠራ 263 ሰዓት ገደማ ይቋረጣል፤ መቋረጡ ከቀንና ከሌሊት እኩል ቢወድቅ 263 ሜጋዋት-ሰዓት፣ በአማካይ ዋጋ 25,000 ዶላር ይጠፋል። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳለ የሚጠፋው ይህ ገንዘብ በመጨናነቅ ከሚጠፋው ይበልጣል። የመጠባበቂያ ጣሪያው ጥናቱ ሁልጊዜ ይቻላል ያለው 3 ሜጋዋት ይሁን፤ ለዚህ መከራከሪያው በራሳቸው ሪፖርት ውስጥ አለ። ከሌላ የስልክ ኩባንያ መስመር የሚጠቀም ሁለተኛ ሞደምም ይገጠም፤ በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ እንደሱ ቶሎ ወጪውን የሚመልስ ዕቃ አይገኝም።

11. መሣሪያውና የራስ ስህተት

የሚያስፈልገው፦ የጣቢያ መቆጣጠሪያ፣ ከኩባንያው ጋር የሚያገናኝ ጌትዌይ፣ በመገናኛ ነጥቡ ላይ የሚለካ ሜትር ከነከረንትና ቮልቴጅ ትራንስፎርመሮቹ፣ የባትሪ መጠባበቂያ። በአይ-ትሪፕል-ኢ (የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) 1547-2018 ደረጃ የተሠሩ ኢንቨርተሮች የምርት ገደብ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ በሰንስፔክ ሞድባስ፣ በዲኤንፒ3 ወይም በአይ-ትሪፕል-ኢ 2030.5 ቋንቋ ይነጋገራሉ። ኩባንያው የትኛውን እንደሚጠቀም መቆጣጠሪያው ከመገዛቱ በፊት ይረጋገጥ።

ትእዛዙ መከበር ያለበት በመገናኛ ነጥቡ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ኢንቨርተር ከመቶ ብቻ ከተላከ ፕሮጀክቱ ራሱን ይቀጣል፦ ባለ 125 ኪሎዋት 40 ኢንቨርተሮች አሉ፤ ጣሪያው 3 ሜጋዋት ነው፤ እያንዳንዱ 60 ከመቶ፣ ማለትም 75 ኪሎዋት ይታዘዛል። ሁለቱ ተበላሽተው ከሆነ 38 × 75 = 2,850 ኪሎዋት ይወጣል። 150 ኪሎዋት በከንቱ ቀረ። መቆጣጠሪያው ሜትሩን እያየ የቀሩትን ከፍ ማድረግ አለበት።

ወደ ላይ የመመለሻ ፍጥነቱንም ይመልከቱ። ጣሪያው ከ3 ወደ 5 ሲነሣ ኢንቨርተሮቹ በደቂቃ 10 ከመቶ ከጨመሩ በ4 ደቂቃ ይደርሳሉ፤ በደቂቃ 1 ከመቶ ከሆነ 40 ደቂቃ። ጣሪያው በቀን ብዙ ጊዜ በሚለዋወጥበት ፊደር ላይ ይህ አንድ የቁጥር ልዩነት ትልቅ ኪሳራ ነው።

የቮልቴጅ ተግባራት የሚያስከትሉት ድብቅ ቅነሳም አለ። ኢንቨርተሩ ቮልቴጅ ለማውረድ የአቅሙን 44 ከመቶ በሪአክቲቭ ኃይል (ቮልቴጅን የሚያስተካክል እንጂ የማይሸጥ ኃይል) ከያዘና አቅሙ በትክክል 5 ሜጋቮልት-አምፔር ከሆነ፣ ለእውነተኛው ኃይል የሚቀረው 4.49 ሜጋዋት ነው። ቮልቴጅ ከመደበኛው 106 ከመቶ ሲያልፍ ኃይልን የሚቀንሰው ተግባር ከተከፈተም እንዲሁ። እነዚህ በኩባንያው የቅነሳ መዝገብ ላይ አይታዩም፤ የውሉ ጣሪያም አይቆጥራቸውም። ኢንቨርተሩ ሲገዛ በኪሎቮልት-አምፔር ትንሽ ተርፎ ይገዛ።

ርክክብ ላይ ሞደሙን ነቅለው ጣሪያው ወደ መጠባበቂያው ቁጥር መውረዱን፣ ሲመልሱትም ያለ ሰው እጅ መነሣቱን ይፈትሹ። ሰው ካልነካው የማይነሣ ሥርዓት ዓርብ ማታ ከወደቀ እስከ ሰኞ እዚያው ይቆያል።

12. በየወሩ የሚሠራ ሂሳብ

ቅነሳ ያለበትን እያንዳንዱን 15 ደቂቃ ይለዩና፣ ከፀሐይ መለኪያውና ከፓነሉ የሙቀት ንባብ ሊመረት ይችል የነበረውን ያስሉ፤ ከተመረተው ጋር ያለው ልዩነት የጠፋው ነው። ከዚያ በአራት ይክፈሉት፦ የኩባንያው ትእዛዝ፣ የመገናኛ መቋረጥ፣ የቮልቴጅ ተግባር፣ የራስ ብልሽት። የመጀመሪያው በውሉ ጣሪያ ላይ ይቆጠራል፤ ሁለተኛው ለሞደም አቅራቢው ይሄዳል፤ አራተኛው ለጥገና ተቋራጩ። የተቋራጩ የአሠራር ዋስትና የተቀነሱትን ሰዓታት ከስሌቱ እንዲያወጣ መጀመሪያውኑ በውሉ ካልተጻፈ፣ እያንዳንዱ ብልሽት «ኩባንያው ቀንሶን ነው» ይባላል።

የወሩን ውጤት ከክፍል 4 ሠንጠረዥ ጎን ያስቀምጡ። ጸደይ ላይ ከግምቱ በላይ ከሆነ የፊደሩን የተጣራ ጭነት ይጠይቁ፤ ወይ ደንበኛ ሄዷል፣ ወይ የጣሪያ ሶላር በዝቷል። ጭነቱ እንደነበረ ሆኖ ቅነሳው ከጨመረ ኩባንያው የጥንቃቄ ኅዳጉን አስፍቷል ማለት ነው፤ የውሉን ቁጥር ይዘው ደብዳቤ የሚጽፉት ያኔ ነው።